የሸፈንኩት ሳህን

የካቲት 11፣ 2011 ዓ.ም.፣ ነገሌ

ለጥናት ብዬ ከአዲስ አበባ ነገሌ ድረስ ለምን እንደመጣሁ ለሚጠይቀኝ ሁሉ አንድ መልስ አለኝ፤ የዚህ ኮሌጅ ላብራቶሪ ጸጥታ አለው፣ ወረፋም የለበትም። አማካሪዬ ዶክተር ሥዩም ይህን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና "መብራት በሳምንት ስንቴ ይጠፋል?" አሉ። "አንዳንዴ" አልኩ። ካሜራውን ግን ሰጡኝ፤ ለፋሲካ መልሺ ብለው።

ካሜራው ከጡጫዬ አይበልጥም። በአንድ ሰከንድ አምስት መቶ ፎቶ ያነሳል። ማይክሮስኮፕ ላይ እገጥመውና፣ እንቁላል ውስጥ ካለ የጫጩት ፅንስ የወጡ የልብ ሕዋሶች በሕይወት እያሉ ሲመቱ እቀርጻለሁ። ከዚያ ፊልሙን አዘግይቼ፣ ዓይን የማይደርስባትን አንዷን ምት ዘርዝሬ አያለሁ። የማስተርስ ጥናቴ ይኸው ነው።

እዚሁ ነገሌ የምትኖረው የእናቴ ጉዳይ ሌላ ነው። የልቧ በር፣ ሐኪሞቹ ቫልቭ የሚሉት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የተጎዳ ነው። በሚያዝያ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞች አዲስ አበባ ላይ ቀዶ ሕክምና ይሰጣሉ፤ እሷም ተጠርታለች። አልሄድም ብላለች። ሲሠሩት ልብን እንደሚያቆሙት ሰምታለች።

"ማቆሙንስ ያቁሙት" አለች ማታ። "ማን ያስነሳዋል? ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ በድርቅ የተኛ ግመል አይተሽ የለም? በዱላም አይነሳ፣ በልመናም አይነሳ።"

ይህን የጻፍኩት እንዲያው ለመመዝገብ ያህል ነው። ከጥናቱ ጋር አይገናኝም።

የካቲት 16

እንቁላሎቹ ባዶ ናቸው። አንዱም ውስጥ የደም ሥር የለም። ከሱቅ የገዛሁት ከእርባታ ጣቢያ የመጣ እንቁላል ነው፤ እነዚያ ዶሮዎች ደግሞ አውራ ዶሮ በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ይህን ያላሰበች የባዮሎጂ ምሩቅ! የላብራቶሪው ኃላፊ ዱጋሳ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። "ካውሰር፣ ያለ አባት ነው እኮ ልጅ የጠበቅሽው" አለኝ።

የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ያላት ጎረቤታችን ጉያቱ ናት። ነገ እጠይቃታለሁ።

የካቲት 28

ጉያቱ ዶሮዎቿን በስም ነው የምትጠራቸው። "ጫጩት ሆኖ ይመለስልኛል?" አለች። አይመለስም አልኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና "ለከሚላ ከሆነ ውሰጂ" አለች። ከሚላ እናቴ ናት። "ለጥናት ነው" አልኳት። "እሱኑ ነው የምልሽ" አለች።

ዛሬ ቅርፊቱን በመቀስ ጫፍ ከፈትኩ። ልቡ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ይመታል። አውጥቼ ብቻውን ሳህን ላይ ሳስቀምጠውም ይመታል። ጭንቅላት አላዘዘው፣ ገላ አልተሸከመው፣ ግን ሥራውን አላቋረጠም። ይህን በመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ ማወቅና ማየት ግን ለየቅል ናቸው። ድምፄን አውጥቼ "ሱብሃነላህ" አልኩ። ዱጋሳ የመካነ ኢየሱስ ዘማሪ ነው፤ ከጀርባዬ "አሜን" አለ።

ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። ልቡን ቆራርጬ፣ ሕዋሶቹን በመድኃኒት አለያይቼ፣ ሙቅ ሳህን ላይ እዘራቸዋለሁ። ከቀናቸው የሳህኑን ወለል ቆንጥጠው ይይዙና እያንዳንዷ ለብቻዋ መምታት ትጀምራለች። ለዚህ ግን ምግባቸው፣ ጨውና ስኳር ያለበት ፈሳሽ፣ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የኮሌጁ የማምከኛ ማሽን ስለተበላሸ ጠርሙሶቹን ቤት ቀቅዬ አሳድራቸዋለሁ። እናቴ የምን ጠርሙስ ነው አለችኝ። "የሕዋሶቹ ወተት የሚቀመጥበት" አልኳት፣ ለማቅለል ብዬ። ዕድሜዋን ሙሉ የግመል ወተት ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፤ ወተት ሲባል ጆሮዋ ይቆማል።

መጋቢት 3

ሞቱ። ሁለቱም ሳህን። ወለሉን ሳይቆነጥጡ፣ ድቡልቡል ብለው ተንሳፈው አገኘኋቸው። ሙቀቱ ይሆን? እንደገና።

መጋቢት 8

አሁንም። ሙቀቱን ለካሁ፣ ትክክል። ጨዉን እንደ አዲስ መዘንኩ፣ ትክክል። ዶክተር ሥዩም በስልክ "እጅሽ ይሆናል" አሉ። እጄን በአልኮል እስኪላጥ አጠብኩ።

እናቴ ጫማዬ ጠበበኝ ብላ የወንድሜን የፋዲልን ነጠላ ጫማ አድርጋ ዋለች። "በድርቅ ጫማም ይኮማተራል" አለች። ሳቅን።

መጋቢት 12

ለሦስተኛ ጊዜ ሞቱ። ዛሬ ወደ ላብራቶሪው መመለስ ስላስጠላኝ እናቴን ወተት ገበያ ድረስ ሸኘኋት። ዕቃዋን አስቀምጬላት ዞር ስል፣ እኔን ያላየችኝ አንዲት ሻጭ ለጎረቤቷ ታወራለች። "ልቧን አውጥተው በረዶ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት አሉ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ከመለሱት መለሱት።"

ዞሬ ማስረዳት ነበረብኝ። ልብ አይወጣም፤ እዚያው ባለበት ነው የሚያቀዘቅዙት። እስከዚያ ደሙን ማሽን ያዞረዋል፤ ሲጨርሱ ያሞቁታል፣ ይነሳል። ይህን ማለት እንዴት ያቅታል? ግን "አይተሻል?" ቢሉኝስ? አላየሁም። ሳህን ላይ አንዲት ሕዋስ በሕይወት ማቆየት ያቃተኝ ሰው ነኝ፤ ምኑን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

እናቴ ሰሞኑን ተቀምጣ ነው የምትተኛው፤ ትራስ ደርድራ፣ ግድግዳ ተደግፋ። ግመሎቹ በድርቁ ምክንያት ከፊልቱ ማዶ ርቀዋል፤ ወተቱ የሚደርሰው በንጋት መኪና ስለሆነ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ነው ትላለች። ምክንያቱ ምክንያት ነው።

ዶክተር ሥዩም ፊልም ይጠብቃሉ። ፊልም የለም።

መጋቢት 13

ጉድ ነው የሠራሁት።

መብራት ስለጠፋ በጊዜ ወደ ቤት ገባሁ። ጓሮ ጢስ አየሁ። እናቴ በርጩማዋ ላይ ጎንበስ ብላ የወይራ ፍም እፍ ትላለች። ጮጮዎቿን፣ የወተት ዕቃዎቿን፣ ስታጥን ነው የኖረችው፤ ይህ አዲስ አይደለም። ጠጋ ስል ግን ጢሱ ላይ የተደፉት የእኔ ጠርሙሶች ናቸው። አንዴ እፍ ትላለች፤ ደረቷን ይዛ ታርፋለች፤ ደግሞ እፍ ትላለች።

"አዮ፣ እናቴ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ምን አስጮኸሽ?" አለች። "ሁልጊዜ አጥንልሽ የለም እንዴ? አንቺ ቀቅለሽ ትተኛለሽ። ያልታጠነ ዕቃ ወተት ያበላሻል። ያንቺ ደግሞ የልብ ወተት ነው ያልሽው።"

ሕዋሶቼን ሲፈጅ የከረመው የወይራ ጢስ ነው። ሙቀቱም አይደለ፣ እጄም አይደለ። ሽታው እንዴት አልሸተተኝም? ልብሴም፣ ጸጉሬም፣ ያደግኩበት ወተትም ያንኑ ነው የሚሸተው። የእኔ አፍንጫ ንጹሕ ዕቃ የሚለው ይህንን ሽታ ነው።

"ገደልሻቸው" አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። እናቴ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ከፍሙ ላይ አነሳችና በቀሚሷ ጫፍ ጠረገቻቸው።

ለመናገር የሚያጥራትን ትንፋሽ ለእኔ ብላ ፍም ላይ ስትጨርሰው ከርማለች፤ እኔ ደግሞ ገደልሽ አልኳት። ምላሴን በቆረጠው።

መጋቢት 14

ይቅርታ ጠየቅኋት። "ለየቱ?" አለችኝ። አዳዲስ ጠርሙሶች ከኮሌጁ ወሰድኩ፤ ከእንግዲህ ዱጋሳ ቤት ነው የሚቀቀሉት።

መጋቢት 22

ይመታሉ! ይመታሉ! ይመታሉ!

በኋላ እጽፋለሁ።

መጋቢት 22፣ ማታ

አሁን ተረጋግቻለሁ። ጠዋት ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ሳደርግ ሳህኑ ሁሉ ይርገበገባል። አንዷ ትፈጥናለች፣ አንዷ ቀስ ትላለች፣ አንዷ ትመታና የረሳች ይመስል ቆይታ ደግሞ ትመታለች። ዓይን የሚያየው ይህንን ነው፤ ብልጭ፣ ብልጭ።

ካሜራውን ከፍቼ ቀረጽኩ፤ ከዚያ አዘግይቼ አየሁት። ብልጭታ የመሰለኝ ነገር ረጅም ሥራ ነው። ሕዋሷ ከአንድ ጫፏ ትጀምራለች፤ እንቅስቃሴው በገላዋ ውስጥ ይሮጣል፤ ትሰበሰባለች፤ ተሰብስባ ትንሽ ትቆያለች፤ ከዚያ ቀስ እያለች ትፈታለች። ግመል ሲነሳ ያየ ሰው ይገባዋል፤ በአንዴ አይነሳም፣ በየተራ ነው። ከሁሉም ያስገረመኝ መፍታቷ ነው። ከመሰብሰቧ ይልቅ ለማረፍ ብዙ ጊዜ ትወስዳለች። ልብ ሲመታ እንጂ ሲያርፍ አስቤው አላውቅም ነበር።

ይህን ሁሉ ጊዜ ደረቴ ውስጥ ይዤው ስሄድ፣ ስቆጣ፣ ስተኛ ኖሬ አንዴም አላመሰገንኩትም። ፈራሁ፤ ደስ የሚል ፍርሃት። ዱጋሳን ጠርቼ አሳየሁት። ሁልጊዜ የሚቀልደው ሰውዬ ኮፍያውን አወለቀ።

መጋቢት 26

ሕዋሶቹ ተባዝተው፣ ተጠጋግተው እየተነካኩ ነው። የተነካኩት ሁሉ አብረው መምታት ጀምረዋል። ትናንት እንደየሐሳባቸው የነበሩት ዛሬ አንድ ናቸው። በዓይን ሲታዩ በአንድ ቅጽበት የሚመቱ ይመስላል። ፊልሙ ሲዘገይ ግን ምቱ ከአንዷ ይነሳና ወደ ጎረቤቷ ይተላለፋል፤ ከጎረቤቷ ወደ ጎረቤቷ፣ እስከ ሳህኑ ዳር። የምትመራቸው ፈጣኗ ናት።

ለእናቴ ነገርኳት። "ደወል ያሰሩላት ግመል ናታ" አለች። ከዚያ "እሷ ብትቆምስ?" አለች።

"ሌላዋ ትመራለች።"

"ሁሉም ቢቆሙስ?"

ሻዩን ለመቅዳት ተነሳሁ። እውነት ለመናገር አላውቅም ነበር።

ሚያዝያ 1

ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አደረ። ስገባ ማሞቂያው ቀዝቃዛ፣ ሳህኖቹ ቀዝቃዛ። ማይክሮስኮፑ ውስጥ ሁሉም ነገር ጸጥ ብሏል። አንዲትም የምትንቀሳቀስ የለችም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለጥናቱ ነው ያለቀስኩት።

መብራት ሲመጣ፣ ተስፋ ኖሮኝ ሳይሆን እጄ ለምዶበት፣ የመጀመሪያውን ሳህን ማሞቂያው ላይ አደረግኩ። ካሜራውንም ከፈትኩ። ቆየሁ። ሳህኑ እንደሞተ ነው። ተነስቼ ልሄድ ስል መሐል ላይ አንዷ ጫፏን ሰበሰበች። ሰበሰበችና ፈታች። ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና። ከዚያ ጎረቤቷ። ከዚያ እዚህም እዚያም፣ ዝናብ ሊጥል ሲል ቆርቆሮ ላይ እንደሚንጠባጠበው። ዱጋሳ ምሳ ይዞልኝ ሲመጣ ሳህኑ ሙሉ በሙሉ ተነስቶ፣ በአንድ ላይ እየመታ ነበር።

ከቆመ በኋላ የመጣችው የመጀመሪያዋ ምት ፊልሙ ውስጥ አለች። ደጋግሜ አየኋት። ማንም አልነካትም፣ ማንም አልገፋትም። እንዲህ ያለ ነገር ለማየት መፈጠሬ ገረመኝ።

ሁለተኛው ሳህን ያደረው መስኮት አጠገብ ነው፤ የበለጠ ቀዝቅዟል። እሱንም አሞቅኩት። ግማሽ ያህሉ ተነሱ። የቀሩት አልተነሱም። ለጥናቱ ሁለቱንም መዝግቤአለሁ።

ሚያዝያ 3

ፋዲል እናቴን በባጃጁ ኮሌጁ በር ድረስ አመጣት። ከበሩ እስከ ላብራቶሪው ያለውን ሜዳ እየቆመች፣ ዛፍ እያየች፣ ሕንፃ እያደነቀች ነው ያቋረጠችው። እናቴ ሕንፃ አድንቃ አታውቅም።

"አካም፣ ናጋ?" ብላ ሰላም አለችው ዱጋሳን።

"ናጋ፣ አዮ፣ ናጋ" ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት።

በማይክሮስኮፑ ማየት እንዳያደክማት ላፕቶፑ ላይ ከፈትኩላት። ሕዋሶቹን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ይሄ ሁሉ ከአንድ እንቁላል?"

"ከአንድ ልብ። አሁን በረዶ አደርግባቸዋለሁ።"

በረዶ ስል ቀና ብላ አየችኝ። ለምን እንዳመጣኋት የገባት ያኔ ነው። ፋዲል ከለስላሳ መሸጫው ያመጣልኝን በረዶ በላስቲክ አድርጌ ከሳህኑ ሥር አኖርኩ። ምቱ ዘገየ። ደግሞ ዘገየ። ቆመ።

"ሞቱ?"

"አልሞቱም። ቆሙ።"

"በምን ለየሽው?"

"ቆዪ።"

በረዶውን አንስቼ ማሞቂያውን ከፈትኩ። የእናቴ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ አጭር አጭር ነው። ከዚያ አንዷ ተነሳች። ቀጥሎ ሌላዋ። ቀጥሎ ሁሉም። እናቴ ጣቷን ዘርግታ ስክሪኑ ላይ የመጀመሪያዋን ነካቻት።

"ማን ጠራት?"

"ማንም። ሙቀቱ ሲደርሳት በራሷ ነው።"

"ማንም አትበይ" አለችኝ ቀስ ብላ።

ሁለተኛው ሳህን መደርደሪያው ላይ ነበር። እናቴ ከመምጣቷ በፊት በፎጣ ሸፍኜዋለሁ። አቧራ እንዳይገባበት።

ሚያዝያ 4

ጠዋት ለፋዲል "ትኬት ቁረጥ፤ ሮመዳን ሳይገባ ልመለስ" አለችው። ፋዲል ከመሬት አንስቶ አቀፈኝ። ጉያቱ እልል አለች።

እኔ መደሰት ነበረብኝ። አቧራ ብዬ ነው የጻፍኩት? ሳህኑ እኮ የራሱ ክዳን አለው።

ሚያዝያ 7

ዕቃ እየሸከፍን ነው። ልነግራት ሁለቴ አፌን ከፈትኩ። አንዴ ጎረቤት ገባ። አንዴ ደግሞ ማንም አልገባም።

የሕዋስ ሳህን ልብ አይደለም። ሐኪሞቹም እኔ አይደሉም፤ መብራት የሚጠፋበት ክፍል ውስጥ አይሠሩም። ይህንን ለራሴ እደጋግማለሁ። ግን አልተነሱም፤ ግማሾቹ አልተነሱም፤ እሷ ደግሞ የጠየቀችኝ ያንን ብቻ ነበር።

ሚያዝያ 10፣ ሀዋሳ

መንገዱ ስላደከማት እዚህ አደርን። ትራሶቿን ከግድግዳው ጋር ደርድሬላት ጎኗ ተቀመጥኩ።

"አዮ፣ ያላሳየሁሽ ነገር አለ።"

"ፎጣ የለበሰውን ሳህን ነው?"

"እንዴት አወቅሽ?"

"እኔ ወተት ሻጭ ነኝ" አለች። "የተበላሸውን ጮጮ ከጀርባዬ አድርጌ፣ ደህናውን ከፊት ሳስቀምጥ ነው ያረጀሁት። ሻጭ ወደ ሸሸገችው ዕቃ አታይም። አንቺ ያን መደርደሪያ አንዴም ዞረሽ አላየሽውም።" ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅኳት። "ስንቱ ተነሳ?"

"ግማሽ ያህሉ። መስኮት አጠገብ ስለነበር በጣም ቀዝቅዞ ነው።"

"ግማሽ" አለች፣ ወተት እንደምትለካ ሰው።

"ይህን እያወቅሽ ለምን መጣሽ?"

"ጠርሙሱን ሳጥንልሽ አስፈቅጄሻለሁ? አላስፈቀድኩሽም። ወደሽኝ ነው የዋሸሽኝ፤ ወድጄሽ ነው የገደልኩብሽ። ተካካስን።" ከዚያ ዓይኗን ጨፍና "ግማሹስ ተነስቷል አይደል? አላህ ከዚያኛው ግማሽ ያድርገኝ" አለች።

ወረፋ ሸሽቼ አይደለም ነገሌ የሄድኩት። ጸጥታም ፈልጌ አይደለም። ለእሷ ነው፤ እዚህ ላይ ልጻፈው።

ሚያዝያ 12፣ አዲስ አበባ

እናቴ ተኝታለች፣ ማለቴ ሆስፒታል ገብታለች። ዶክተር ሥዩም ካሜራውን ለመውሰድ እዚያው ድረስ መጡ። ኮሪደሩ ላይ የመጀመሪያዋን ምት አሳየኋቸው። ፊልሙ ሲያልቅ መልሰው አጫወቱት።

"መብራቱስ?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ጠፋ" አልኳቸው።

"እንኳንም ጠፋ" አሉ፤ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ብዙ ቆዩ።

ሚያዝያ 14

ጠዋት አስገቧት። በሩ ላይ እጄን ይዛ "ቆመ ብለው ቢነግሩሽ እንዳትጮሂ" አለችኝ። "ቀዝቅዞ ነው በያቸው።"

አሁን ቆሟል። ይህንን በምጽፍበት ሰዓት የእናቴ ልብ ቆሟል።

ፋዲል ዱዓ ያደርጋል። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ስትሰበሰብ፣ ስትፈታ፣ ስትሰበሰብ፣ ስትፈታ እሰማለሁ። አላህ ሆይ፣ ሙቀቱን አድርስላት።

ሚያዝያ 16

ሐኪሙ ትናንት የነገሩኝን ዛሬ ነው ለመጻፍ የቻልኩት። "ስናሞቀው ወዲያው አልተነሳም" አሉ። "ትንሽ አስጨነቀን። ከዚያ ግን በራሱ ጀመረ።" ምን ያህል እንዳስጨነቃቸው መጠየቅ አልቻልኩም። ከየት በኩል ጀመረ ብዬ ግን ጠየቅኋቸው፤ ግራ ገብቷቸው ፈገግ አሉ።

እናቴ ዛሬ ነቃች። ከንፈሯ ደርቋል፣ ድምጿ አይሰማም፤ ጆሮዬን አፏ ላይ አስጠጋሁ።

"ከየትኛው ሳህን ሆንኩ?" አለችኝ።

መዋሸት ቀላል ነበር። "ከሸፈንኩት" አልኳት።

የተኛች መስሎኝ ቀና ልል ስል እጄን ጨበጥ አደረገች። ዓይኗ ከአልጋው ጎን ያለውን ትልቁን መስኮት እያየ ነው።

"እንግዲያ ነርሷን ጥሪያት" አለች፤ "ከዚህ መስኮት ታርቀኝ።"

ነርሷን ጠራኋት። አልጋውን ይዘን፣ ለሁለት ገፋነው።